ሲዘጋ የሚጠይቅ ኮምፒውተር

ዋርሳዬ ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ጃንጥላውን በረንዳው ላይ ዘርግቶ ተወው፤ ጫማውን ምንጣፉ ላይ ደጋግሞ ጠረገና የመሣሪያ ቦርሳውን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ገባ።

«በሽተኛው የት ነው?»

«የት ይሄዳል፤ እዚያው ነው» አልኩት።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ፀጉሩ ሸብቶ፣ ሴት ልጁን ከዳረ በኋላም እንኳ ቤተሰቡ «ትንሹ» ማለቱን አልተወም። ኮምፒውተር የሚጠግንበት ጠባብ ሱቅ አለው። ብዙ ይናገራል፤ ዝምታ ሲበዛ የሆነ ነገር የሚበላሽ ይመስለዋል።

የምሠራበት ክፍል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ጠረጴዛው ግድግዳውን ይመለከታል። ሁለት ወንበር አለ፤ አንዱ የእኔ ነው፣ ሌላው ላይ መጻሕፍት ተከምረዋል። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ሥር ቆሟል፤ ነጭ የነበረው ሳጥኑ እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ሆኗል፣ ማራገቢያው ሊፈላ እንደተቃረበ ማንቆርቆሪያ ያጉረመርማል።

እኔ የመማሪያ መጻሕፍት አራሚ ነኝ። አሳታሚው ድርጅት ገጾቹን በአዲስ ፕሮግራም መላክ ጀምሯል፤ ያ ፕሮግራም ደግሞ በእኔ ኮምፒውተር አሮጌ ሲስተም አልከፈት አለ። የድርጅቱ የእርማት ክፍል ኃላፊ ጨዋ ሴት ናት። «ሰኞ የሳይንሱን መጽሐፍ እልክልሻለሁ» አለችኝ በስልክ፤ «መክፈት ካልቻልሽ ምንም አይደለም፣ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።» «ምንም አይደለም» ያለችው ለእኔ አስባ ነው። እኔ ግን ከዚያ ሥራ ሌላ ቀኔን የምሞላበት ነገር የለኝም። ስለዚህ ትንሹን ጠራሁት።

«እትዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር እኮ ጡረታ መውጣት የነበረበት ድሮ ነው። ከሱቄ አንድ ላምጣልሽ ብልሽ እምቢ አልሽ።»

«ዓይኔ የለመደው ይሄን ነው።»

«ዓይን የሚለምደው ስክሪን ነው። ስክሪኑን ልተውልሽ፣ ሳጥኑን ብቻ ልቀይረው።»

«ይሄው ይሁን።»

ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ሐዘን ላይ የቆየች ሴት አንድ ነገር እምቢ ስትል ሰው ብዙ አይከራከራትም። ይህን ካወቅሁ ቆይቻለሁ፤ በቁጠባ ነው የምጠቀምበት።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ አዲሱን ሲስተም መሸከም ይችል እንደሆነ የሚመረምር ፕሮግራም ከፈተ። ሻይ ይዤለት ስመለስ ውጤቱ ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ነበር። ጉልበቱ በጭንቅ ይበቃል፤ ቦታው ጠቧል። ከታች ደግሞ አንዲት መስመር ነበረች፤ አንድ ፕሮግራም ከአዲሱ ሲስተም ጋር ስለማይሄድ ይወገዳል ትላለች።

«‹ማታ› የሚባል ፕሮግራም አለሽ?»

«ይኖራል።»

«ምንድን ነው እሱ? ያረጀ ነገር ነው፤ አዲሱ ላይ አይሠራም፣ ራሱ ያጠፋዋል። ትፈልጊዋለሽ?»

ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ማማሰሉን አልተውኩም። «ለሥራ አያስፈልገኝም» አልኩት። ውሸት አልነበረም።

ባለቤቴ የውሃ ክፍያ ደረሰኝ የሚያወጡ ፕሮግራሞች ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። እኔ ደግሞ አንድ ገጽ ከያዝኩ መነሳት አይሆንልኝም። ማታ ማታ ከኮሪደሩ ይጣራል። «ጨረስሽ?» ይላል፤ «ትንሽ ቆይ» እላለሁ። ቆየት ብሎ፣ «ጨረስሽ?» «ትንሽ ቆይ።» ሦስተኛ ጊዜ አይጠይቅም ነበር። ራሱ ይመጣና «በቃ። ነይ» ብሎ መብራቱን ያጠፋዋል። ትዳራችንን ግለጪው ብባል ከዚህ የተሻለ የምናገረው የለኝም።

ከጉሮሮው ቀዶ ጥገና በኋላ ድምፁ ቀረ። ከሆስፒታል በተመለሰ ሰሞን፣ እኔ ገበያ በሄድኩበት፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያቺን ፕሮግራም ጻፈ። የዚያን ዕለት ማታ ኮምፒውተሩን ልዘጋ ስል መሃል ስክሪኑ ላይ ትንሽ ነጭ መስኮት ወጣች፤ «ጨረስሽ?» ትላለች። ከሥሯ ሁለት መጫኛዎች አሉ፤ «ጨረስኩ» እና «ትንሽ ቆይ»። «ጨረስኩ»ን ከተጫንኩ ይዘጋል። «ትንሽ ቆይ» ካልኩ መዝጋቱን ይተወዋል። ስንት ጊዜ «ትንሽ ቆይ» እንዳልኩ ትቆጥራለች፤ «ጨረስኩ» እስክል ድረስም ቁጥሩን አትረሳም። ሦስተኛው ላይ እንደ እሱ ናት፤ ምርጫ አትሰጥም። ዞር ስል አንገቱ ላይ ፋሻ እንደተጠመጠመ በሩ ላይ ቆሟል። ትከሻው ይርገፈገፋል፤ ሳቁ ድምፅ የለውም።

እሱ ከሞተ በኋላም መስኮቷ መጠየቋን አላቆመችም። በየማታው አንድ ጊዜ «ትንሽ ቆይ» እላታለሁ፤ የቀረ ሥራ ሳይኖረኝ ጥቂት እቀመጣለሁ። እንደገና ስትጠይቀኝ «ጨረስኩ» እላለሁ። ከሞተ ወዲህ እስከ ሦስተኛው አድርሻት አላውቅም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለቅሶ የመጡ ሴቶች «በሕልምሽ ይመጣል?» እያሉ ጠይቀውኛል። አይመጣም አልኳቸው፤ እውነቴን ነው።

እንግዲህ የዚያን ቀን የሚወገደው ይኸው ነበር። አስቤበት፣ ሥራዬን መርጬ ነው ትንሹን የጠራሁት። ወይም የመረጥኩ መስሎኝ ነበር።

ማሻሻሉ ተጀመረ። ስክሪኑ ላይ የመቶኛ ቁጥር አንድ አንድ እያለ ይጨምራል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለ ትንሹ፤ «ይሄ ግን ገና አልተፈለፈለም።»

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። አንድ ደንበኛ ነው፤ የሰውዬው ጩኸት ለእኔም ይሰማል። ትንሹ «ጌታዬ፣ እኔ እኮ አጠገብዎ የለሁም፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ» እያለ ወደ በረንዳው ወጣ። እኔ ስክሪኑ ፊት ቀረሁ። ቁጥሩ ሞላና ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ሊነሳ ነው የሚል ጽሑፍ መጣ። ቀጥሎ ነጯ መስኮት ወጣች።

«ጨረስሽ?»

እጄ የሄደው ወደለመደው ነው። «ትንሽ ቆይ»ን ተጫንኩ።

አዲሱ ሲስተም ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ማሻሻያው እንዳልተሳካና የነበረውን እየመለሰ እንደሆነ ነገረኝ።

ትንሹ ሲመለስ ቁጥሩ ወደኋላ ይቆጥር ነበር። «ምን ነካው?»

«እንጃ።»

«አልሸሹም ዞር አሉ!» አለና እጅጌውን ሰበሰበ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ አይቻለሁ። ቦታ ጠቦት ይሆናል ብሎ የቆዩ ሥራዎቼን ወደሌላ ዲስክ ገለበጠ። አሮጌውን ማተሚያ ነቀለው፤ «ብዙ ጊዜ አመሉ የሚወጣው በእንደዚህ ያለ እንግዳ ነው» አለ። የቫይረስ መከላከያውን አነሳ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው፤ ቫይረሱን አልፎ እኛ ላይ ይጮሃል።» በመጨረሻ የኃይል ቁልፉን ተጭኖ በግድ አጠፋውና ሳጥኑን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ ከፈተው። ውስጡ እንደ ብርድ ልብስ ቁራጭ የተጠቀጠቀ ግራጫ አቧራ ነበር። የግራ ጉልበቱን ያመዋል፤ መሬት ሲንበረከክ በአንድ እጁ ጠረጴዛውን ይዞ ነው። አንድ ቃል ብናገር ይነሳ ነበር። አልተናገርኩም፤ ትራስ አምጥቼ ከጉልበቱ ሥር አደረግሁለት።

«ተባረኪ እትዬ። ሰው ሁሉ እንዳንቺ ቢሆን እኔ ጉልበት ይኖረኝ ነበር።»

ምሳ ማዕድ ቤት በላን። ያለፈውን ቀን ሾርባ አሙቄ ነበር። ማንኪያውን ይዞ ስለ ወንድሙ ያወራ ጀመር።

«ልጅ ሆነን የአባቴን ሬዲዮ ፈታታው። ቢሉት ቢሠሩት አልገጥም አለ። አባቴ ሲመጣ የገረፈው ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አንተን።»

«እኔን! ብሎኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እሱ እንደ ዳኛ ቆሞ ያያል።» ሳቀና ማንኪያውን አስቀመጠ። «እሱ ቢኖር ይሄን ኮምፒውተር እንዲህ አልታገለውም ነበር። አንድ ቃል ይነግረኝ ነበር።»

«ድምፁ ከሄደ በኋላ በእጁ በሚይዛት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይጽፍልህ ነበር አይደል?»

«ይጽፍልኛል፣ አነባለሁ፣ በእጅጌው ያጠፋዋል። ይጽፋል፣ ያጠፋል። በዚያች ሰሌዳ ላይ ከዕድሜያችን ሁሉ ይልቅ ብዙ አወራን።» ሳህኑን ገፋ አደረገው። «አንድ ቀን እንኳ ተወው፣ አታጥፋው አላልኩትም። አሁን ከእሱ አንድ ቃል የለኝም፣ እትዬ። አንዲት ቃል።»

ተነስቼ ሳህኖቹን ሰበሰብኩ። ውሃውን ከሚያስፈልገው በላይ ከፈትኩት።

ከሰዓት በኋላ አቧራው የተጠረገው ሳጥን ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ማሻሻሉም ከመጀመሪያው ተጀመረ። ማራገቢያው አሁን አያጉረመርምም። ክፍሉ የሌላ ሰው ክፍል መሰለኝ። ቁጥሩ ሊሞላ ሲል ትንሹ ጥቁር መዳፎቹን አየ።

«እጄን ልታጠብ። አይተሽው ጥሪኝ።»

የቧንቧው ድምፅ ሲሰማ መስኮቷ ወጣች። «ጨረስሽ?» አሁን ልማድ ነው ማለት አልችልም። እያወቅሁ፣ እሱ ፎጣውን ሳያነሳ፣ «ትንሽ ቆይ»ን ተጫንኩ።

ተመልሶ ወደኋላ የሚቆጥረውን ስክሪን ሲያይ አልቀለደም። ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሠላሳ ዓመት ይሄን ሥራ ሠርቻለሁ» አለ። «የወንድሜን ኮምፒውተር ማዳን አቃተኝ።»

«አንተ ምን ታደርግ፤ አርጅቶ ነው።»

«አንድ ጊዜ እሞክረዋለሁ። እምቢ ካለ ዲስኩን ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼ ከባዶ እጭንልሻለሁ። ሥራዎችሽን ገልብጫለሁ፤ ምንም አይቀርብሽም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳትባይ።» ከመሬት ተነሳ። «አሁን ግን እዚሁ ቁጭ ብዬ ዓይኑን ነው የማየው።»

ሁለተኛው ወንበር ላይ የነበሩትን መጻሕፍት ክምሩን እንዳለ አንስቶ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጣቸው፤ ወንበሩንም ስቦ ተቀመጠ። በዚያ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

«ሻይ ላፍላልህ?»

«ሻይ በቃኝ።»

«ዝናቡ አባርቷል። ሱቅህ…»

«ሱቁ የትም አይሄድም። ልታባርሪኝ ነው እንዴ?»

ስለዚህ አብረን ተቀመጥን። ውጭ ከጣሪያው ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠባል። ቁጥሩ ይወጣል። ምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር፤ ማሻሻሉን ብከለክልም ፕሮግራሙ ይጠፋል፣ ባልከለክልም ይጠፋል። ሁለቱ የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው። ትንሹ ዲስኩን ሙልጭ ካደረገው፣ ባለቤቴ ለጠየቀኝ መልስ ሳልሰጥ ይጠፋል።

ቁጥሩ ሞላ። መስኮቷ ወጣች።

ትንሹ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ተጠጋ፤ የማያውቀውን ጽሑፍ እንደሚያነብ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«በቃ። ነይ።»

የወንድማማቾቹ ድምፅ እንደሚመሳሰል ረስቼው ነበር። ትንሹ ሁልጊዜ እያዋዛ ስለሚናገር አይታወቅም። እነዚያን ሁለት ቃላት ግን ሳያዋዛ፣ ደረቅ አድርጎ ነው ያነበባቸው። እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ። ከዚያ ፊቴን አየ። «የሱ ነው?»

«አዎ።»

«ቀኑን ሙሉ ሲያስቸግረን የዋለው ይሄ ነው?»

«እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ጨረስሽ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜ ትንሽ ቆይ አልኩት።»

ነገሩን ከመነሻው ጀምሬ ነገርኩት፤ ኮሪደሩን፣ መብራቱን፣ ገበያ የሄድኩበትን ቀን። ረጅም አልነበረም። ስጨርስ ወለሉን እያየ ነበር።

«መሬት ላይ ስንበረከክ ታዪኛለሽ።»

«አያለሁ።»

«ትራስ ታመጪልኛለሽ።»

«አዎ።»

«አንድ ቃል የለኝም ስልሽ፣ ሾርባ እየበላሽ…»

«ሰማሁህ።»

ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸም። ጉልበቱን ማሸት ጀመረ፤ እኔም ይቅርታ የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። ያን ጊዜ ይቅርታ ብል ለጉልበቱ ብቻ የተባለ ይመስል ነበር።

«ዲስኩን ላውጣው» አለ በመጨረሻ፤ «ይሄን እንዳለ አስቀምጪው፣ ሌላ ዲስክ ላይ አዲሱን ልጫንልሽ።»

«መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ማንን ይጠይቃል?»

«እንግዲያው እኔ ራሴ ልጻፍልሽ። ተመሳሳዩን። ከባድ አይደለም።»

«አንተማ በስልክ ልትጠይቀኝ ትችላለህ፤ በሕይወት አለህ።»

ፈገግ ሊል ሞከረ። ስክሪኑን እንደገና አየው። ከጽሑፉ ሥር አንድ መጫኛ ብቻ ነበረች፤ «መጣሁ» ትላለች።

«ትንሽ ቆይ የሚለው የለም?»

«ሦስተኛው ላይ የለም። እንደዚያ አድርጎ ነው የሠራው።»

«ትዕግሥተ ቢስ!» አለ ለወንድሙ፤ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ እንደያዘው ቆመ እንጂ ወደ ስክሪኑ አላነሳውም። «ፎቶ ላንሳው? ላንቺ እንደተጻፈ አውቃለሁ…»

ሌላ ሰው ቢሆን እምቢ እል ነበር። ለእሱም እምቢ ማለት ቃጥቶኝ ነበር፤ ቃሉ የእኔ ነውና። ወንበሬን ወደ ጎን ሳብኩና ጥላዬ ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ ዞር አልኩ። ደጋግሞ አነሳው። አንዱንም ከፍቶ አላየውም፤ ስልኩን የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ኮሪደሩ ላይ ልቁም?»

«አትቁም፣ ተቀመጥ።»

«መጣሁ»ን ተጫንኩ። ስክሪኑ ጠቆረ። ማራገቢያው ቆመ፣ እንደገናም ተነሳ፤ ቁጥሩ ዳር እስኪደርስ የሚያግደው ነገር አልነበረም። አሁን ስክሪኑ ላይ የማንም ያልሆነ ሐይቅ ፎቶ ነበር። ፕሮግራሞቹን ከፈትኩ፤ «ማታ» የለም። አሳታሚው የላከው ናሙና ገጽ ሳያንገራግር ተከፈተ፤ የዕፅዋት ሥር የሚያሳይ ሥዕል ነበር፣ ከሥዕሉ በታች ያለው ቁጥር ተሳስቷል።

ትንሹ መሣሪያዎቹን ሰብስቦ፣ ማተሚያውን መልሶ ሰክቶ ተነሳ። መጻሕፍቱን ወደ ወንበሩ ሊመልስ ሲል «ተዋቸው» አልኩት። በሩ ላይ ጃንጥላውን እያጠፈ ጀርባውን እንደሰጠኝ ተናገረ።

«ተቀይሜሻለሁ፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ሰኞ እደውላለሁ። መጽሐፉ ካልተከፈተ ንገሪኝ።»

ደረጃውን ሲወርድ ጉልበቱን እያሳረፈ እንደሆነ ከእርምጃው ይሰማኝ ነበር። በሩን ዘግቼ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ፤ እስኪጨልም የናሙናውን ገጽ አረምኩ። ሥራው ደህና ነበር። ሲያልቅ መዝጊያውን ተጫንኩ።

ወዲያው ተዘጋ። ምንም አልጠየቀም። የማራገቢያው ድምፅ ረገበና ቆመ፤ ከጣሪያው የሚወርደውም ውሃ አልቆ ነበር። ጥቂት ተቀመጥኩ፣ የቀረ ሥራ ሳይኖረኝ። ሁለተኛው ወንበር ትንሹ እንደተወው ወደ እኔ ዞሯል።

መጣሁ ብዬ ነበርና ተነስቼ መብራቱን አጠፋሁት።